ወንድሜን ከዋሻ ላወጣችሁልኝ በጎ ፈቃደኞች

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በጀመርኩት ቁጥር እንባዬ ይቀድመኛል። ዛሬ ግን ታናሽ ወንድሜ በክራንች ተደግፎ ብቻውን ደረጃ ሲወርድ አየሁት። ከዚህ በኋላ ምስጋናዬን ማሳደር ነውር መሰለኝ።

ወንድሜ ዋሻ አሳሽ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ነው የገባው። እንደ ልማዱ ወረቀት ትቶልኝ ነበር፦ የዋሻው ስም፣ የሚገቡበት በር፣ ውስጥ የሚሄዱበት መንገድ፣ ስንት እንደሆኑ፣ መኪናቸውን የት እንደሚያቆሙ። ከታች እንዲህ ብሏል፦ «12 ሰዓት ላይ እንወጣለን። እስከ ማታ 3 ሰዓት ካልደወልኩልሽ ለነፍስ አድን ደውዪ።»

3 ሰዓት ሆነ። አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። መንገድ ላይ ይሆናሉ፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ይሆናል እያልኩ 40 ደቂቃ ተቀመጥኩ። በሌሊት ሰው በከንቱ ማስቸገሩ አሳፈረኝ። ውጭ ዝናቡ አላባራ ብሏል።

በመጨረሻ ፖሊስ ጋ ደወልኩ። ፖሊስ ለበጎ ፈቃደኞቹ የዋሻ ነፍስ አድን ቡድን አስተላለፈ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት መልሳ ደወለችልኝ። ድምጿ የተረጋጋ ነው። ወረቀቱን ቃል በቃል አስነበበችኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ስጠይቃት «እህቴ፣ ደውለሻል አይደል? በቃ። ደህና ወጥተው ካገኘናቸው ደስ ብሎን እንመለሳለን» አለችኝ። ያን ሌሊት ያቆመችኝ ይህች ቃል ናት።

ውስጥ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ወንድሜ ከቀትር በኋላ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ወድቋል፤ ቅልጥሙ ተሰብሯል። አንዱ ጓደኛው አብሮት ቀረ። ሌላው እርዳታ ሊጠራ ወደ መውጫው ሄደ፤ ግን በደረታቸው ተስበው ያለፉበት ዝቅተኛ ቦታ በዝናቡ ውሃ ሞልቶ ጠበቀው። ተመለሰ። እዚያ ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ ተራው የእጅ ሬዲዮም ድንጋዩን አልፎ አይሰማም። ሦስቱ የት እንዳሉ የሚናገር ነገር ያ ወረቀት ብቻ ነበር። 40 ደቂቃዬ ዛሬም የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

ከአልጋቸው ተነስተው የመጡት እነማን ናቸው? አናጢ፣ ነርስ፣ አስተማሪ፣ ተማሪ። ደሞዝ የላቸውም። እኔን አንድ ሳንቲም አልጠየቁኝም። ሁሉም ግን ራሳቸው ዋሻ አሳሾች ናቸው። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ያኔ አልገባኝም ነበር። ጎበዝ የእሳት አደጋ ሠራተኛ እንኳ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ በጨለማ መሳብ፣ በውሃ ውስጥ በገመድ መውረድ ካልለመደ ሌላ የሚታደጉት ሰው ይሆናል።

መጀመሪያ አራት ሰዎች ቀለል ያለ ዕቃ ይዘው ገቡ። ውሃው ጋ ሲደርሱ አልዘለሉበትም። ደረጃውን እየለኩ ጠበቁ። ሊነጋ ሲል ጎደለላቸው፤ አለፉ። ወንድሜ መብራታቸውን ከሩቅ ሲያይ ሕልም መስሎት እንደነበር ይናገራል።

ሲደርሱ መጀመሪያ የነኩት እግሩን አይደለም። እርጥብ ልብሱን አወለቁለት፣ ከቀዝቃዛው ድንጋይ በፍራሽ ለዩት፣ በሚሞቅ ከረጢት ጠቀለሉት። መንቀሳቀስ የማይችል ሰው እርጥበትና ብርድ ባለበት ዋሻ ሲተኛ የሰውነቱ ሙቀት እየወረደ ይሄዳል፤ ከስብራቱ ይልቅ ብርዱ ሊገድለው ይችላል። ከዚያ ነርሷ የእግር ጣቶቹ ስሜት እንዳላቸው አየች፣ ማስታገሻ ሰጠችው፣ እግሩን እንዳይንቀሳቀስ አድርጋ አሰረችው። ከበሩ ጀምሮ ሌሎች የስልክ ሽቦ እየዘረጉ ይከተሉ ነበር። 11 ሰዓት ላይ ያቺው ሴት ደወለችልኝ፦ «ሦስቱም በሕይወት አሉ።» ነፍሴ መለስ አለች።

ጤነኛ ሰው በ40 ደቂቃ የሚወጣውን መንገድ ቃሬዛው 7 ሰዓት ፈጀበት። መቆም በማይቻልበት ቦታ ሰዎቹ በተርታ ይተኛሉ፤ ቃሬዛው በላያቸው ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ቃሬዛው ያለፈው ሰው ተነስቶ ወደ ፊት ይሳብና እንደገና ይተኛል። ገደሉ ጋ በሁለት ገመድ ሳቡት፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲይዝ። ወንድሜ ግን አብልጦ የሚያነሳው ራስጌው ላይ የነበረውን ሰውዬ ነው። ቃሬዛ ላይ የታሰረ ሰው ምን እንደሚመጣበት አያይም። ያ ሰው ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በፊት ይነግረው ነበር፦ «አሁን ወደ ግራ ትዘነብላለህ። ጣሪያው ፊትህን ሊነካ ይቀርባል፣ አይነካህም።» 7 ሰዓት ሙሉ። አንዴም ሳይሰለች።

ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ ሰዎች አነባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይላንድ ውስጥ 12 ታዳጊዎችና አሰልጣኛቸው ጎርፍ የሞላው ዋሻ ውስጥ ሲቀሩ፣ ከ9 ቀን በኋላ ያገኟቸው ሪክ ስታንተንና ጆን ቮላንተን የተባሉ እንግሊዛውያን በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች ናቸው። ከባሕር ኃይል ወጥቶ በፈቃዱ የመጣው ታይላንዳዊው ሳማን ጉናን ደግሞ የአየር ሲሊንደር አድርሶ ሲመለስ ሕይወቱን እዚያው ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጀርመን ውስጥ 1000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ጭንቅላቱን የተጎዳ አንድ አሳሽ ለማውጣት ከተለያዩ አገሮች ከ700 በላይ ሰዎች ተረባርበዋል። ከአደጋው እስከ መውጫው 11 ቀን ነው። ለአንድ ሰው!

ዋሻ የምትገቡ ሁሉ፣ በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ቡድን መኖሩንና እንዴት እንደሚጠራ ከመግባታችሁ በፊት እወቁ። ወረቀት ሳትተዉ አትግቡ። ቤት የምትጠብቁ ደግሞ፣ የተባለው ሰዓት ሲደርስ ደውሉ፤ እንደኔ አትፈሩ። ራሳችሁ ልትፈልጉ አትግቡ። አቅም ያላችሁ እርዷቸው፤ ገመድ ያረጃል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ይህን ሁሉ የሚገዙት በመዋጮ ነው። ጥሩ ዋሻ አሳሽ የሆነ ሰው ደግሞ አብሯቸው ይሠልጥን።

ለእናንተ፣ ስማችሁ እንዳይጻፍ ለጠየቃችሁኝ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ክፉ አይንካችሁ። ከመካከላችሁ አንዱ ጓንቱን ከእጁ አውልቆ ለወንድሜ አጥልቆለት ነበር። ጓንቱ ሆስፒታል ድረስ አብሮት ሄደ። ጭቃው በሦስተኛ እጥበት ለቀቀ። ቅዳሜ ልምምድ እንዳላችሁ ነግራችሁኛል፤ ይዤው እመጣለሁ።