መኝታ የተሠራለት ሚኒባስ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ

ሐዋሳ ላይ ሰሞኑን አንድ ነገር እየተሸጠ ነው። ያገለገለ ሃይሩፍ ሚኒባስ ወንበሩ ይነቀልና አልጋ፣ ትንሽ ኩሽና፣ የውሃ ታንከርና ሶላር ይገጠምለታል። ከዚያ "ሞተርሆም" ተብሎ ገበያ ይወጣል። ቪዲዮው ያስጎመጃል። መኪናው ሐይቁ ዳር ቆሞ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ቡና ሲፈላ ያሳያል። ያየው ሰው ልቡ ቢሄድ አይፈረድበትም። እኔ ግን አትግዙ እላለሁ።

የአክስቴ ልጅ አረብ አገር ለፍታ ካመጣችው ገንዘብ 200 ሺህ ብር ቀብድ ከፈለች። እኔ ሚኒባስ ላይ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ቀሪውን ከመክፈሏ በፊት መኪናውን እንዳይላት ጠራችኝ። ያየሁት አናደደኝ። ጉዳዩ ስላላለቀ የሻጩን ስም አልጠራም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ሻጩ ከተራው ተመሳሳይ ሚኒባስ በላይ 900 ሺህ ብር ጨምሮ ነው የጠየቀው። "እህቴ፣ ከሆቴል ወጪ ትገላገያለሽ" አላት። እሺ፣ አንድ ደህና አልጋ በ1,500 ብር ይገኛል እንበል። 900 ሺህ ብር 600 ሌሊት ያሳድራል። አንድ ቤተሰብ በዓመት 15 ሌሊት ከቤቱ ውጭ ቢያድር ገንዘቡ የሚመለሰው በ40 ዓመት ነው። ሁለት ክፍል የሚይዝ ቤተሰብ ቢሆን እንኳ 20 ዓመት። ነዳጁን፣ ሰርቪሱን፣ ጎማውን፣ ኢንሹራንሱን ገና አልነካሁም።

በታኅሣሥና በሐምሌ ገብርኤል ሐዋሳ አልጋ እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ሻጩም ደጋግሞ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። እውነት ነው፣ በእነዚያ ቀናት የአልጋ ዋጋ ይሰቀላል። ግን ለጥቂት ሌሊት ተብሎ ሚኒባስ አይገዛም። ለሚመጣው እንግዳ ዘመድ ጋ ፍራሽ ማንጠፍ እስከዛሬም አልከበደንም።

ደግሞስ የት ነው የሚታደረው? ሞተርሆም የተለመደባቸው አገሮች ለእንዲህ ያለ መኪና የተዘጋጀ ማደሪያ አላቸው። መብራት ይሰካል፣ ንጹህ ውሃ ይሞላል፣ የመጸዳጃው ፍሳሽ የሚደፋበት ቦታ አለ። እኛ ጋ ከሐዋሳ እስከ ላንጋኖ፣ ከላንጋኖ እስከ ባቱ ብትሄዱ እንዲህ ያለ አገልግሎት በየመንገዱ አይጠብቃችሁም። ለደህንነታችሁ ስትሉ ጥበቃ ያለው ግቢ ትገባላችሁ፣ ትከፍላላችሁ። ከሆቴል ይተርፋል የተባለው ገንዘብ እዚያ ያልቃል። ፍሳሹን የት እንደምትደፋው የአክስቴ ልጅ ስትጠይቅ ሻጩ በእጁ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ አሳያት። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። የተደፋበት ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። አሳውን የምንበላው እኛው ነን።

ሁለተኛው ማባበያ "መኪና እኮ አይከስርም" የሚል ነው። ይህ አባባል ለቪትዝም ለተራው ሚኒባስም ብዙ ጊዜ ሠርቷል። ቀረጡ ከባድ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው መኪና ዋጋው ይወጣል። ሚኒባስ ግን ዋጋ የሚያወጣው ሰው ስለሚጭን ነው። ወንበሩ የተነቀለ፣ ጣሪያው የተበሳ ሚኒባስ ታክሲ ላይ የሚሠራ ሰው አይፈልገውም። መልሶ ወንበር መግዛት፣ ጣሪያውን በላሜራ መድፈን፣ ቀለም ማስቀባት አለበት። ይህን ሁሉ ከዋጋው ቀንሶ ነው የሚገዛችሁ። 900 ሺህ የተጨመረበት ዕቃ ስትሸጡት ከተራው ሚኒባስ ያነሰ ያወጣል ማለት ነው።

ለቱሪስት ታከራዩታላችሁ የሚለው ወሬም አለ። እስካሁን ማን እንደተከራየ፣ ለስንት ቀን፣ በስንት ብር፣ አንድ ውል አሳየን አልነው። አላሳየም። የኪራይ ሥራ ፈቃድ እንደሚጠይቅም ትንፍሽ አላለም።

ወደ መኪናው እንምጣ። እዚህ ላይ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ነፍስም አለበት።

ኋላ በሩ በአልጋው ተዘግቷል። አይከፈትም። እሳት ቢነሳ ኋላ ለተኛ ሰው ቅርቡ መውጫ የጎኑ በር ብቻ ነው፣ ምድጃው ደግሞ እዚያው በሩ አጠገብ ነው የተገጠመው። ልጆች ውስጥ ተኝተው አስቡት። የቡታጋዙ ሲሊንደር ከአልጋው ሥር ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ከታች ምንም ቀዳዳ የለውም። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈሰሰ ወደ ታች ነው የሚተኛው፣ ስለዚህ ከሥር ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ የግድ ነው። ሌሊት ሲበርድ መስኮት ዘግቶ ምድጃ ማንደድ ደግሞ ቤት ውስጥ ከሰል አጭሶ እንደመተኛት ነው። በካርቦን ሞኖክሳይድ ስንት ሰው እንደተኛ ቀርቷል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም።

ጣሪያው ላይ ለሶላሩና ለአየር ማስገቢያው የተበሳው ሁሉ በተራ ሲልከን ነው የተደፈነው። ሲልከኑ ጠርዙ መላቀቅ ጀምሯል። እነዚህ መኪኖች በበጋ የሚሸጡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሻጩን "እጥበት ቤት ወስደን ጣሪያውን በደንብ እናስመታው" በሉት። ከዚያ ውስጥ ገብታችሁ የቁምሳጥኑን ማዕዘንና ከፍራሹ ሥር በእጃችሁ ዳስሱ። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) አንዴ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ አይመለስም። የእኛ ሻጭ እጥበት ቤት አልሄድም አለ።

ፍሪጁ የቤት ፍሪጅ ነው፣ በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይር ዕቃ) የሚሠራ። ባትሪው አንድ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት። ሲሞላ 1,200 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። እንዲህ ያለ የአሲድ ባትሪ ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 600 ገደማ ነው። የቤት ፍሪጅ ብዙ ጊዜ በቀን ከዚያ በላይ ይበላል። ደመና ከሆነ ሥጋችሁ ይበላሻል።

ክብደቱንም ማንም አላሰበበትም። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። ታንከሩም፣ ኩሽናውም፣ ቁምሳጥኑም በግራ በኩል ተደርድረዋል። መኪናው ቆሞ እያለ ያጋድላል፣ የግራው ባሌስትራ (ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ) ተኝቷል። ጎማው ጥርስ አለው፣ ጎኑ ላይ ግን የምርት ቁጥሩ 1416 ይላል። በፈረንጆች 2016፣ 14ኛው ሳምንት ላይ የተመረተ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቆሞ የሚውል መኪና ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። አራቱን ቁጥር ሳታነቡ አትመኑ።

የወረቀቱ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ሊብሬው 12 መቀመጫ ያለው የሕዝብ ማመላለሻ ይላል። ውስጡ አልጋ ነው። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ይህ ልዩነት ጥያቄ ያስነሳል። አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ ሳይነገረው የተቀየረ መኪና ነው ብሎ ካሳ ሊከለክል ይችላል። ሻጩ "በውክልና እንጨርስ፣ ስም ማዞሩ በኋላ ይደርሳል" ማለቱን ስሰማ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። በውክልና የተገዛ መኪና ስሙ እስኪዞር ድረስ በመዝገብ የሻጩ ነው። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ካለበት የምታውቁት ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ፋይሉን አስከፍቱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ሥራው በረሃ ለበረሃ የሚያዞረው ሰው እንዲህ ያለ መኪና ሊጠቅመው ይችላል። እሱም ቢሆን ራሱ ቆሞ ያሠራው። ቤተሰቡን ላንጋኖ ወይም ወንዶ ገነት ለመውሰድ ለሚፈልግ ግን መኪና ተከራይቶ ድንኳንና አጎበር መያዝ ይበቃዋል። አጎበሩን ግን እንዳትረሱ፣ ስምጥ ሸለቆ ወባ አለ።

ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢወጣ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ተናዳችሁ "ትቼዋለሁ" የሚል መልእክት እንዳትልኩ። መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ። የአክስቴ ልጅ የባንክ ደረሰኙን፣ የሊብሬውን ፎቶና ማስታወቂያውን ይዛ ሄዳለች። እናንተም ሻጩ ማስታወቂያውን ሳያጠፋው በፎቶ አስቀሩት። "ሊብሬውን በሳምንት ውስጥ አስተካክዬ አመጣለሁ" ካላችሁም፣ አስተካክሎ እስኪያመጣ አንድ ብር አትጨምሩለት።