ኢ-ቬሪፋይ፦ ነፃና ፈጣን ነው፣ ስም ላይ ግን ይሰናከላል

አሜሪካ ውስጥ ሬስቶራንት ወይም የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ላላችሁ፦ የአዲስ ሠራተኛን የመሥራት መብት በኢንተርኔት የሚያጣራው ኢ-ቬሪፋይ የፌዴራል መንግሥት አገልግሎት ነው፤ ክፍያ የለውም። ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል።

የአዲስ ሠራተኛ ማንነትና የመሥራት መብት የሚረጋገጥበትን የአይ-9 ቅጽን ግን አይተካም። ሠራተኛው ክፍል 1ን ቢዘገይ ሥራ በጀመረበት ቀን ሞልቶ ይፈርማል። ቀጣሪው ክፍል 2ን ሠራተኛው ሥራ ከጀመረ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ጨርሶ፣ በዚያው ገደብ ኢ-ቬሪፋይ ላይ ኬዙን (የማጣሪያ ፋይሉን) ይከፍታል። ከመቅጠር በፊት አመልካች ለማበጠር መጠቀም ክልክል ነው። «ግሪን ካርድህን አምጣ» ማለትም እንዲሁ፤ ምርጫው የሠራተኛው ነው። መንጃ ፈቃድና ገደብ ያልተጻፈበት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ካቀረበ በቂ ነው። ብዙ ቀጣሪ ጣጣ ውስጥ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

መልሱ ብዙውን ጊዜ በሰከንዶች ይመጣል። አንዷን ኮከብ ያስቀነሰው የስም ጉዳይ ነው፦ የአባት ስም አንዱ ሰነድ ላይ መጨረሻ፣ ሌላው ላይ መሃል ከገባ «አልተዛመደም» ሊል ይችላል። ዜግነት አግኝቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ያላሳወቀም ይኸው ሊገጥመው ይችላል። ይህ «ፈቃድ የለውም» ማለት አይደለም። ሠራተኛውን ለብቻው ጠርታችሁ ያለመዛመዱን ማስታወቂያ ስጡት፤ ልከራከር ካለ፣ ኬዙ ከተላከ በኋላ የሚመለከተውን ቢሮ ለማነጋገር 8 የፌዴራል የሥራ ቀናት አለው። እስኪወሰን ድረስ ማባረርም ሆነ ሰዓት መቀነስ አይቻልም።

የአይ-9 ቅጹን ከቅጥር ቀን 3 ዓመት፣ ወይም ከለቀቀ በኋላ 1 ዓመት፣ የሚረዝመውን ያህል አስቀምጡ።