ላፕቶፕን ከቲቪ ለማገናኘት፦ ኤችዲኤምአይ፣ ታይፕ ሲ ወይስ ቪጂኤ?

ፋሲል ከነማ የሚጫወትበት ቀን ነበር። ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ከማራኪ ወደ ፒያሳ በባጃጅ በረርኩ። ቤት ውስጥ ወንድሜና ጓደኞቹ ተሰብስበዋል፣ ቡናው ቀርቧል፣ የጎደለው ላፕቶፑን ከቲቪው የሚያገናኝ ኬብል ብቻ ነው። አንድ ሱቅ ገብቼ «ቪጂኤና ኤችዲኤምአይ ያለው» አልኩ። ልጁ ሰጠኝ፣ ከፈልኩ፣ ተመለስኩ። አንዱ ጫፍ ላፕቶፑ ላይ ግጥም አለ። ሌላውም ቲቪው ላይ ግጥም አለ። ቲቪው ግን «ሲግናል የለም» ብሎ ቀረ። ጨዋታውን አምስት ሆነን በላፕቶፑ ስክሪን አየነው።

ጥፋቱ የእኔም ነበር። ኬብሉ ምስል የሚያሻግረው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ነው። የእኛ ላፕቶፕ ያለው ቪጂኤ፣ ቲቪው ያለው ኤችዲኤምአይ ስለሆነ እኔ የፈለግሁት ግልባጩን ነበር። ጫፉ ስለገጠመ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የላፕቶፑን ጎንና የቲቪውን ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሱቅ ቆሞ «ሰፋ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ እንዲህ ያለ ቀዳዳ» እያሉ በእጅ ከማስረዳት ፎቶው ይሻላል።

ሁለቱም ላይ ኤችዲኤምአይ ካለ

ነገሩ አለቀ። ምስሉም ድምፁም በአንድ ኬብል ይሄዳል፣ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። ከሁሉም የሚረክሰውም ይኼው ነው። የሚቀረው ጥያቄ ርዝመትና ዓይነት ነው።

ርዝመቱን በሜትር ለኩ። ብዙ ሰው ቲቪውን ከፍ አድርጎ ግድግዳ ላይ ይሰቅልና አንድ ሜትር ተኩል ኬብል ይገዛል። ከዚያ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ በርጩማ ደራርቦ ያስቀምጣል። ለሳሎን 3 ሜትር ይበቃል። ፎርኬ (4K፣ ከፉል ኤችዲ የጠራ ምስል የሚያሳይ) ቲቪ ከሆነ ከ5 ሜትር በላይ ተራ ኬብል ምስሉ ሊቆራረጥበት ይችላል። ኳስ የሚያሳይ ቤት ያላችሁና 15 ሜትር የምትዘረጉ ከሆነ ውስጡ ፋይበር ያለውን ጠይቁ። እሱ ደግሞ አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ጫፍ ላይ ለላፕቶፕ፣ ሌላው ላይ ለቲቪ የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ቲቪያችሁ ፉል ኤችዲ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማንኛውም ደህና ኬብል ይሆናል። ፎርኬ ምስል በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል) ለማየት በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ኬብል ያስፈልጋል፤ ማሸጊያው ላይ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» ይላል። 48 ጊጋቢት የሚለው «አልትራ ሃይ ስፒድ» በ120 ኸርዝ ጌም ለሚጫወት ነው። ለፊልምና ለኳስ ትርፍ ገንዘብ ነው። ላፕቶፑ ራሱ አሮጌ ከሆነና የኤችዲኤምአዩ ሥሪት 1.4 ከሆነ ደግሞ ምንም ኬብል ብትገዙ ፎርኬ ከ30 ኸርዝ አያልፍም።

ወርቅ የተቀባ ነው ብለው ዋጋ ሲቆልሉባችሁ አትደንግጡ። ወርቁ ጫፉ እንዳይዝግ ይረዳል እንጂ ቀለም አያደምቅም። ምስሉ በዲጂታል ስለሚሄድ ወይ በትክክል ይደርሳል ወይ ይቆራረጣል።

ታይፕ ሲ ብቻ ካለ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ታይፕ ሲ የቀዳዳው ቅርጽ ስም ነው፤ ሥራው ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ይለያያል። አንዱ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል፣ ሌላው ፋይል ያስተላልፋል፣ ሌላው ምስልም ያወጣል። ከቀዳዳው አጠገብ ጫፉ ቀስት የሆነ የመብረቅ ምልክት (ተንደርቦልት) ወይም «ዲ» እና «ፒ» የተባሉት የላቲን ፊደላት የተጣመሩበት ምልክት ካለ ምስል ያወጣል። ምልክት የሌለውም አንዳንዱ ያወጣል። ስለዚህ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው ኬብልና ብዙ ቀዳዳ ያለው አዳፕተር ሁለቱም ገበያ ላይ አሉ። ላፕቶፑ ያለው አንድ ታይፕ ሲ ብቻ ከሆነ፣ ቻርጀሩም የሚገባው እዚያው ከሆነ፣ ቻርጅ የሚያሳልፈውን አዳፕተር ውሰዱ። ወደድ ይላል፤ ግን ፊልሙ መሀል ላይ ባትሪ አያልቅባችሁም። (መብራት ከሄደ ላፕቶፑ ይቀጥላል፣ ቲቪው ይጨልማል። ለዚያ ኬብል አልተሠራም።)

በተራው ዩኤስቢ፣ ፍላሽ በምንሰካበት፣ በአንድ ቀላል ኬብል ወደ ኤችዲኤምአይ ይወስዳል የሚሏችሁን ግን አትግዙ። ያ ቀዳዳ ምስል አያወጣም። በእሱ ለመሥራት ውስጡ የራሱ ቺፕ ያለውና ላፕቶፑ ላይ ሶፍትዌር የሚጫንለት አዳፕተር ያስፈልጋል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ላላችሁ፦ ቪጂኤ ወይስ ሚኒ ዲስፕሌይ ፖርት?

ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ኤችዲኤምአይ ላይኖር ይችላል። ለምሳሌ ቲንክፓድ ቲ440 ላይ ያሉት ቪጂኤና ሚኒ ዲስፕሌይ ፖርት ናቸው። ሰው ሰፊዋን ቪጂኤ አይቶ ወደ እሷ ይሮጣል። ትንሿን ምረጡ።

ምክንያቱም ቪጂኤ በ1987 የወጣ የአይቢኤም ሥራ ነው፤ ምስሉን በአናሎግ ይልካል፣ ድምፅ አይልክም። ቲቪው የሚቀበለው ኤችዲኤምአይ ከሆነ ምስሉን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ኮንቨርተር የግድ ነው። ኮንቨርተሩ ኃይል ከዩኤስቢ ይወስዳል፣ ድምፁን ደግሞ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በሌላ ሽቦ ይቀበላል። ዩኤስቢና የድምፅ ሽቦ የሌለው ባዶ ኬብል ካሳዩዋችሁ የእኔን ታሪክ አስታውሱ። ከሚኒ ዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ ግን አንድ ኬብል ይበቃል፤ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። ብቻ ከሚኒ ኤችዲኤምአይ ጋር እንዳታምታቱት፤ ስማቸው ቢመሳሰልም አይገጥሙም።

ቲቪው ያ ጀርባው ትልቁ፣ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚቀይር ኮንቨርተር አለ። ፊልም ይታያል። ጽሑፍ ግን ስለማይነበብ ለማጥናት ብላችሁ አትግዙት።

ኬብሉን ሰክታችሁ ምንም ካልመጣ ሱቁን ከመውቀሳችሁ በፊት በሪሞቱ «ሶርስ» ውስጥ የሰካችሁበትን ቁጥር ምረጡ። ላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ከ«ፒ» ጋር ተጫኑና ምስሉ እንዲባዛ አድርጉ። ምስል መጥቶ ድምፅ ከላፕቶፑ ብቻ ከወጣ የድምፅ ምልክቷን ነክታችሁ ቲቪውን ምረጡ።

ያቺ የዚያን ቀን ኬብል አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለች። ኤችዲኤምአይ ላፕቶፕና ቪጂኤ ፕሮጀክተር ያለው አስተማሪ ካለ በነፃ ይውሰዳት።