የቅሬ ግሩፕ የት ይከፈት? ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ ወይስ ጉግል ግሩፕስ

በደሴም በኮምቦልቻም የስልክ ግሩፕ የሌለው ቅሬ (እድር)፣ ዕቁብ ወይም የነጋዴ ማኅበር ማግኘት ከባድ ሆኗል። ግሩፑ የሚከፈተው ግን ብዙ ሳይታሰብበት ነው። ፀሐፊው ስልኩ ላይ ያገኘውን አፕ ይከፍታል፣ ሰው ይጨምራል፣ አለቀ። ጥያቄው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። የፎሬክስ ማስታወቂያ ሲዘንብ፣ ወይም ከ3 ዓመት በፊት የተጻፈ የእርዳታ ጥያቄ ትናንት ሰፈር የገባ ተከራይ ሲያነበው።

አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ስለ ስፓም ነው። ስፓም ያናድዳል እንጂ ተሰርዞ ይጠፋል። የማይጠፋው የተከማቸው የድሮ መልእክት ነው። የቅሬ ግሩፕ ውስጥ ምን እንዳለ እስቲ አስቡት። የማን እናት እንደታመመች አለ። መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስም አለ። ሙሉ ስምና የግብይት ቁጥር የያዘ የቴሌብርና የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት አለ። «ነገ 6 ሰዓት ቀብር ስለሆነ ሁላችሁም ተገኙ» የሚልም አለ። ይሄ ለሌባ የትኛው ሰፈር በስንት ሰዓት ባዶ እንደሚሆን መንገር ነው። ስለዚህ ሦስቱን የማወዳድረው በዋናነት በዚህ ነው፤ ዛሬ የተጻፈውን ነገ ማን ያየዋል?

ቴሌግራም

ትልቁ ጥቅሙ ስልክ ቁጥር መደበቅ መቻሉ ነው። አባሉ ፕራይቬሲ ውስጥ ገብቶ «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖባዲ» ካደረገ፣ ቁጥሩን ቀድሞ የመዘገበ ካልሆነ በቀር የግሩፑ ሰው አያየውም። ከግሩፕ ቁጥራቸው እየተለቀመ ማታ ማታ የሚደወልላቸው እህቶች ይሄ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቁታል።

ችግሩ ማኅደሩ ላይ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ የሁለት ሰዎች «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው፤ ግሩፕ በዚያ መንገድ አይሠራም። ፍለጋውም ፈጣን ነው። የአንድን ሰው ስም ጽፎ ስለ እሱ በዓመታት የተባለውን ሁሉ ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነው። ለሒሳብ ሹሙ ይመቻል፣ ለባለ ስሙ ግን አይመችም።

ስለዚህ ቴሌግራም ከመረጣችሁ ሦስት ነገር የግድ ነው። ግሩፑ «ፕራይቬት» ይሁን። «ፐብሊክ» ከሆነ ማንም በፍለጋ አግኝቶት፣ አባል እንኳ ሳይሆን ያነበዋል። «ቻት ሂስትሪ» ለአዲስ አባል እንዳይታይ ይደረግ። መግቢያ ሊንኩም አድሚን ካላጸደቀ የማያስገባ ይሁን፤ ሊንክ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም።

የስፓም መከላከያው ጠንካራ ነው፣ ግን ለትልቅ ግሩፕ ነው የተሠራው። የአባላትን ዝርዝር መደበቅ የሚቻለው ከ100 ሰው በላይ ሲኖር ነው። ስፓምን በራሱ የሚያጠፋው አንቲ ስፓም ደግሞ 200 ሰው ይፈልጋል። 60 አባወራ ያለው የሮቢት ቅሬ ሁለቱንም አያገኝም። ያኔ ብዙዎች ቦት፣ ማለትም ሌላ ሰው የሠራው በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ያስገባሉ። ቦት አድሚን ከሆነ የግሩፑን መልእክት በሙሉ ማንበብ እንደሚችል ግን የሚነግራቸው የለም። የፎሬክስ ማስታወቂያ ለማባረር ብሎ የጎረቤትን ሕመም ለማይታወቅ ሰው ሰርቨር ማስረከብ እኔ አይዋጥልኝም። ለትንሽ ግሩፕ ንቁ አድሚን ይበቃል።

ዋትስአፕ

እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። መልእክቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው፤ ኩባንያው ራሱ አያነበውም። አዲስ የገባ ሰው የቆየውን ወሬ እንዲሁ በመግባቱ አያገኝም። «ዲስአፒሪንግ» የሚባለውን ስታበሩት ደግሞ መልእክት በ24 ሰዓት፣ በ7 ወይም በ90 ቀን ራሱ ይጠፋል። ለቀብርና ለሕመም መልእክት 90 ቀን ከበቂ በላይ ነው።

ድክመቱ ስልክ ቁጥር ነው። በተራ ግሩፕ ውስጥ የሁሉም ቁጥር ለሁሉም ይታያል። ሰፈር ውስጥ ለተዋወቀ ሰው ምንም አይደለም፤ የቅሬው ዳኛ ስልክ ለማን ተደብቆ! ግማሹ ለማይተዋወቅበት የነጋዴ ግሩፕ ግን ቁጥር ለቃሚን መጋበዝ ነው። መውጫው «ኮሚዩኒቲ» ነው። የኮሚዩኒቲው የማስታወቂያ ክፍል ውስጥ አባላት እርስ በርስ ቁጥር አይተያዩም፣ አዲስ ማስታወቂያ የሚለጥፉትም አድሚኖች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ የስፓም በሩ ይጠባል።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። «አድቫንስድ ቻት ፕራይቬሲ» የሚባለው ካልበራ ማንኛውም አባል ወሬውን በፋይል አድርጎ ማውጣት ይችላል። ስክሪንሾትንም ምስጠራ አያግደውም።

እዚህ የሚመጣው ስፓም ብዙውን ጊዜ ከራሱ አባል ስልክ ነው። «ልጄ ተወዳድራለች፣ ቮት አድርጉላት» የሚል ሊንክ ይመጣል፤ እትየ የመጣላቸውን ኮድ ይሰጣሉ፤ አካውንታቸው ይሰረቃል፤ ከዚያ በእትየ ስም «5 ሺህ ብር ላኩልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» ይባላል። ቴሌግራም ላይም ያው ነው። ሁለቱም አፖች ላይ ከኮዱ ሌላ የራስ ምስጢር ቁጥር ወይም ቃል የሚጠይቅ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አለ። አድሚኖች ሳያበሩ አድሚን አይሁኑ።

ጉግል ግሩፕስ

ይሄ በኢሜይል ነው የሚሠራው፤ ለቅሬ አይሆንም፣ ለቀብር መልእክት ኢሜይል የሚከፍት የለም። ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ ለሚለዋወጥ ማኅበር፣ ለምሳሌ ለኮምቦልቻ አስመጪዎች ወይም በየአገሩ ለተበተኑ የቀድሞ ተማሪዎች ግን ከሦስቱ የተሻለው እሱ ነው። ማን ማየት፣ ማን መጻፍ፣ ማን የአባላት ዝርዝር ማንበብ እንደሚችል ለየብቻ ይወሰናል። የተጠረጠረ መልእክት አድሚን እስኪያየው ይቆያል። ወጥመዱ አንድ ነው፦ መልእክትን ከማኅደሩ ብትሰርዙት፣ አስቀድሞ በየሰው ኢሜይል የገባው ኮፒ እዚያው ይቀራል።

ዋጋን በተመለከተ

ሦስቱም በነፃ ይሠራሉ። ለዚህ ሥራ ቴሌግራም ፕሪሚየም መግዛት አያስፈልግም። በማኅበሩ ስም የተሰየመ ኢሜይል ካማራችሁ ግን ጉግል ወርክስፔስ በሰው ቁጥር ያስከፍላል።

ምርጫዬ

ለሰፈር ቅሬ ዋትስአፕን ከ90 ቀኑ ጋር እመርጣለሁ። ዓረብ አገር ያሉ ልጆችም ስለለመዱት መዋጮ ለማስታወስ ይቀላል። መዋጮው መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ደረሰኝም ግሩፑ ላይ ሳይሆን ለሒሳብ ሹሙ በግል ይላክ። ሰዉ ለማይተዋወቅበት የፒያሳ ወይም የሰኞ ገበያ ነጋዴ ግሩፕ ቴሌግራም ይሻላል፤ ቁጥር ይደበቃል፣ ከ200 ሰው ካለፈም አንቲ ስፓሙ ይሠራል። ዕቁብ እንደ ሰዉ ብዛት ከሁለቱ ወደ አንዱ ይሄዳል።

ፀሐፊ የሚቀያየርበት ቅሬ ቴሌግራም ከመረጠ አንድ ነገር ይወቅ። የግሩፑን ባለቤትነት ለማስተላለፍ የባለቤቱ ቱ ስቴፕ ከበራ ቢያንስ 7 ቀን ሊሞላው ይገባል። ምርጫው እሑድ ከሆነ አሮጌው ፀሐፊ ከሳምንት በላይ ቀደም ብሎ ያብራው።