የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው በሚለቀው ውኃ ሲመዘን

አነስተኛ ማኅበረሰብን የሚያገለግል የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ሲሸት ብቻ ነው፤ እኔ ግን የጎበኘሁትን ጣቢያ የመዘንኩት ወደ ወንዙ በሚለቀው ውኃ ነው። ጨርቅና ፕላስቲኩ በወንፊት ተይዞ ደለሉ ከዘቀጠ በኋላ፣ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት አየር በሚነፋበት ቡናማ ገንዳ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የፍሳሹን ብስባሽ እዚያው ባይበሉት ኖሮ፣ ወንዝ ውስጥ ያሉት መሰሎቻቸው ሲበሉት ለዓሣዎች የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ያሟጥጡት ነበር። በደንብ የተያዘ እንዲህ ያለ ጣቢያ ይህን ብክለት 85 በመቶና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። በብርጭቆ የተቀዳልኝ የመጨረሻው ውኃ ጠርቷል፤ መጥራቱ ግን ከጀርም መንጻቱን አያረጋግጥም፣ አልጌ የሚያበዙት ናይትሮጅንና ፎስፈረስም በዓይን አይታዩም። ቅር ያሰኘኝ፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ወደ ቱቦው እየገባ ባክቴሪያዎቹን ጠርጎ እንዳያወጣ የሚያግድ ማቆያ ገንዳ አለመኖሩ ነው።