ሶኬት ላይ ተከፍሎ የሚቀር ቻርጀር እንዳትገዙ

ወገኖቼ፣ ቻርጀር ስትገዙ የሽፋኑን መጋጠሚያ ሳታዩ ገንዘባችሁን አታውጡ። ትናንት ማታ፣ ከገዛሁት ሁለት ሳምንት ያልሞላውን ቻርጀር ልነቅል ስስበው ሽፋኑ እጄ ላይ ቀረ። ጥርሶቹና ሰርኪዩቱ እርቃናቸውን ሶኬቱ ላይ ተሰክተው ነበር። መብራቱ 220 ቮልት በሆነበት ቤት እዚያ ውስጥ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። የነቀለችው ልጄ ብትሆንስ ኖሮ?

ሻጩ «ብሎን የለውም፣ የፋብሪካ እሽግ ነው» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ብሎን አለመኖሩ ግን የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። የደህናውም የአስመሳዩም ሽፋን ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው በአልትራሶኒክ ብየዳ ነው። ማሽኑ ሆርን በሚባል ብረት ፕላስቲኩን ተጭኖ፣ በአብዛኛው በሰከንድ 20,000 ጊዜ ያህል ያንቀጠቅጠዋል። ከሁለቱ ግማሾች በአንደኛው ጠርዝ ላይ እንደ ጣሪያ አናት የሾለች ቀጭን መስመር አለች። ንዝረቱ እሷ ላይ ሲጠራቀም ትቀልጥና ሁለቱን አንድ አካል ታደርጋቸዋለች፤ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ፣ ያለ ማጣበቂያ። ሥራው ራሱ አስተማማኝ ነው፤ የማስክ ጆሮ ማንጠልጠያም የሕክምና ማጣሪያዎችም በዚሁ ይያያዛሉ።

ብሬከሩን አጥፍቼ ከነቀልኩት በኋላ ጠርዙን በባትሪ አየሁት። ሾላዋ መስመር እንዳለች ናት፤ ጫፏ ብቻ ትንሽ ጠፍጠፍ ብሎ ያብረቀርቃል። በደንብ ተበይዶ ቢሆን ኖሮ ሲለያይ ፕላስቲኩ ራሱ ተቀዳዶ ሻካራ ይሆን ነበር። ወይ ንዝረቱና ግፊቱ አልበቃትም፣ ወይ እርስ በርስ የማይዋሃዱ ፕላስቲኮች ናቸው የተገናኙት። ለምሳሌ ኤቢኤስ የሚባለውን ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ጋር ብታንቀጠቅጡት ቢውል ቢያድር አይያያዝም።

ስለዚህ ሳትከፍሉ በፊት መጋጠሚያውን ዙሪያውን በጥፍራችሁ ዳብሱት። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለው፣ ጨመቅ ስታደርጉት ሲጥ ሲጥ ካለ፣ ተዉት። መስመሩ ላይ እንደ አመዳይ ያለ ነጭ ነገር ካያችሁ ደግሞ በጣም ጠርጥሩ፤ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚተወው ምልክት ነው፤ ተከፍቶ የተዘጋ ሊሆን ይችላል። እንደኔ ሶኬት ላይ ከቀረባችሁም በፒንሳ እንኳ አትንኩት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ።

ዛሬ ስመልሰው ሻጩ ገንዘቤን አልሰጥም ብሎ «በሱፐር ግሉ ላጣብቅልህ» አለኝ። ቻርጀር ሲሠራ ይግላል፣ ሱፐር ግሉ ደግሞ በሙቀት ሊዳከም ይችላል። እንቢ ብዬ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሸጠው ይዤው ወጣሁ።