ሲልኪ ዶሮ ከወራት በኋላ፦ ለእንቁላል ከፈለጋችኋት ይቅርባችሁ

የሲልኪን ፎቶ አይታችሁ ልባችሁ የተሰረቀ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። ግን ፎቶው የማይነግራችሁ ብዙ ነገር አለ። ወራት አብሬያቸው ከከረምኩ በኋላ አቋሜ ይሄ ነው፦ ሲልኪ ድንቅ ዶሮ ናት፤ ለምን እንደምትፈልጓት ካላወቃችሁ ግን ታበሳጫችኋለች።

ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠይቀኝ ስለ እንቁላሉ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ለእንቁላል ብላችሁ አትግዟት። አንዲት ሲልኪ በዓመት ከ100 እስከ 120 ከጣለች ጎበዝ ናት። ለእንቁላል ተብለው የተመረጡ ዝርያዎች እኮ 280ም 300ም ይጥላሉ። የሲልኪ እንቁላል መጠኑም ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 40 ግራም አይሞላም። ጣዕሙ? ያው እንቁላል ነው። ከ10 ሦስት ሰጥቻታለሁ፤ ሦስቱም ለይሉኝታ።

ቁጥሩ የሚያንሰው ግን በስንፍና አይደለም። እንቁላል መታቀፍ ትወዳለች። ጥቂት ትጥልና አንድ ቀን ጎጆዋ ላይ ዝርግት ብላ ትቀራለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ መጣል የለም። ከሥሯ እንቁላል ይኑር አይኑር ጉዳይዋ አይደለም፤ ባዶ ሰጋቱራ ታቅፋ ትውላለች። እጃችሁን ስትሰዱ ላባዋን ነፍታ ታጉረመርማለች፣ ከዚያ ትነቁራችኋለች። ያቺ የዋህ ዶሮ መሆኗን ትጠራጠራላችሁ። በቀን አንዴ ያህል ትነሳለች። ሮጣ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ትልቅ ኩስ ትጥልና ተመልሳ እዚያው። የደረቷን ላባ ነጭታ ባዶ ቆዳዋን እንቁላሉ ላይ ታሳርፋለች። ቀስ ብላችሁ ብታነሷት ቆዳዋ ጥቁር መሆኑን ያኔ በደንብ ታያላችሁ። ከላይ ነጭ ብትሆንም ቆዳዋም አጥንቷም ጥቁር ነው።

እኔ ሲልኪን የወደድኳት እዚህ ላይ ነው። የራሷ እንቁላል ይሁን የሌላ ዶሮ፣ የዳክዬም ቢሆን አትለይም። የዶሮውን 21 ቀን፣ የዳክዬውን 28 ቀን ትጠብቃለች። ማፈልፈያ ማሽን ለሞከረ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ እንዲቆይ መጠበቅ፣ እርጥበቱን መቆጣጠር፣ እንቁላሉን በየቀኑ ማገላበጥ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ልብ መውረድ። እሷ ይህን ሁሉ ተቀምጣ ትሠራዋለች። ሲፈለፈሉም ማሞቂያ መብራት አያስፈልግም። ጫጩቶቹን ከላባዋ ሥር ታስገባለች፣ መኖ ጠርታ ታሳያለች፣ ሌላ ዶሮ ከተጠጋቸው ትጣላለች። የኔ ማሽን መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ ነው። ለዚህ ከ10 አሥር።

ሁለት ነገር ብቻ። ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ የትልልቅ ዶሮ እንቁላል ከሆነ ከስድስት ሰባት በላይ አትስጧት፤ ከዳር ያሉት ይቀዘቅዛሉ። አውራ ከሌላችሁ ደግሞ እንቁላሉ አይፈለፈልምና ዝም ብላችሁ አትተዋት። ትከሳለች። ወለሉ ሽቦ የሆነና ከሥር አየር የሚገባው ሣጥን ውስጥ፣ መኖና ውሃ አድርጋችሁ ለጥቂት ቀናት ብታቆዩዋት ሆዷ ይቀዘቅዝና ነገሩን ትረሳዋለች። እንቁላል በየቀኑ መሰብሰብም ይረዳል።

አሁን ወደ ላባው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቻይና የሄደው ማርኮ ፖሎ የድመት ዓይነት ፀጉር ያላቸው ጥቁር ዶሮዎች እንዳሉ ተናግሯል። አልተሳሳተም፤ ስትዳስሷት ፀጉር ነው የሚመስለው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሌላ ዶሮ ላባ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉት። እነሱ ተያይዘው ላባውን ዝርግና ጥብቅ ያደርጉታል። የሲልኪ ላባ ላይ መንጠቆዎቹ የሉም። ስለዚህ ይበተናል። ስለዚህም መብረር አትችልም፣ ዝናብም አይንሸራተትላትም። ሲልኪ ላይ የሚወጣው ልፋት ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ይመጣል።

ደረቅ ብርድ ብዙም አይጎዳትም። እርጥበት ነው ጠላቷ። ዝናብ ከያዛት እስከ ቆዳዋ ትበሰብሳለች፣ ከዚያ ትንቀጠቀጣለች። የሚገርመው ደግሞ ዝናብ ሲጀምር ወደ ቤት አትሮጥም፤ እዚያው ቆማ ታስባለች። ስለዚህ የምትውልበት ቦታ ጣሪያ ይኑረው። ከበሰበሰች በፎጣ አድርቃችሁ በፀጉር ማድረቂያ ለብ ባለ ሙቀት ሥሩ ድረስ አድርቁላት። ሲያዩት ያስቃል፤ እሷ ግን ዐይኗን ጨፍና ትደሰትበታለች።

ቆጥ ከሠራችሁላት ዝቅ ይበል፤ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የኔዎቹ ያንኑም ትተው ጥግ ላይ ተደራርበው መሬት ይተኛሉ። እና ጉዝጓዙ ሁልጊዜ ደረቅ መሆን አለበት። ይሄ የማይቀር ሥራ ነው። ውሃቸውን ክፍት ሳህን ላይ ስታደርጉ ጉንጫቸው ሥር ያለው ጢም ይነከርና ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ይቆሽሻል። ሲነኩት የሚያንጠባጥብ መጠጫ ካደረግኩ ወዲህ ተገላግያለሁ።

እግራቸውም ላባ አለው፣ ጣታቸውም አምስት ነው። ጭቃና ኩስ እዚያ ይጋገራል። ቅንቅንም ይደበቅበታል፤ በተለይ እግር ቅርፊት ሥር የሚገባው። ቅርፊቱ ተነስቶ ሸካራ ከሆነ እሱ ነው። እግሩን በለብታ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቫዝሊን በደንብ መቀባትና በየጥቂት ቀኑ መድገም ይሠራል። ቅንቅኖቹ አየር አጥተው ይሞታሉ።

ቀጥሎ ዐይን። ጉትያቸው አድጎ ዐይናቸውን ይሸፍናል። አንዷ የኔ ሲልኪ ሁልጊዜ ፈሪ ናት ብዬ ደምድሜ ነበር። እጄ ከላይ ሲመጣ ትደነብራለች፣ መኖ ስበትን ሌሎቹ ሲሮጡ ግድግዳ ትጋጫለች። ጫፉ ደነዝ በሆነ መቀስ ዐይኗ ዙሪያ ያለውን ብቻ ቀነስኩላት። አንገቷን ጠምዝዛ ግድግዳው ላይ ያለችውን ዝንብ አየች። ከዚያ ዘላ በላቻት። ፈሪ ሳትሆን ዕውር ኖራለች ለካ። ለውድድር ካልሆነ በቀር ይሄን ላባ ለውበት ብሎ መተው ለእኔ ጭካኔ ነው። ጭልፊት ሲመጣም የማታይ ዶሮ አታመልጥም።

ከሌላ ዝርያ ጋር መቀላቀል? እኔ አልመክርም። ሲልኪን ሌሎቹ ይገፏታል እንጂ እሷ ማንንም አትገፋም። ሌሎቹ ያቺን ጉትያ ሲያዩ መንቆር ያምራቸዋል። ይሄ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከብዙዎቹ ሲልኪዎች ጉትያ ሥር የራስ ቅሉ ጉብ ብሎ ይወጣል፣ አጥንቱም ሙሉ በሙሉ አልገጠመም። አንድ ጠንካራ ንቁር አንጎል ሊጎዳ፣ ሊገድልም ይችላል። አንገቷ ተጠማዝዞ ወደ ኋላ የምትሄድ ሲልኪ ካያችሁ ለብቻዋ አድርጋችሁ ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ጠባያቸው ግን! ሕፃን ልጅ አቅፎ ቢዞር ዝም ይላሉ። ጭን ላይ የሚተኙም አሉ። አውራዎቹ እንኳን አብዛኞቹ ጨዋ ናቸው።

መኖ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ጫጩት ፕሮቲኑ ከ18 እስከ 20 በመቶ የሆነ፣ የምትጥል ደግሞ 16 በመቶ አካባቢ ሆኖ ካልሲየም ያለው ይበቃቸዋል።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ጫጩት ላይ «ሴት ናት» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ። የሲልኪ ፆታ አምስት ስድስት ወር እስኪሆን በዐይን መለየት ከባድ ነው። እኔም «ሁሉም ሴት» ተብዬ ወስጄ አንደኛዋ አንድ ጠዋት ኩኩሉ ብላ አረፈችው። የሴቷ ጉትያ ክብ ሆኖ ይሞላል፤ የወንዱ ወደ ኋላ የተወረወሩ ቀጫጭን ላባዎች ያወጣል። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ መጣል የጀመረች ግዙ። ጣቶቿን ቁጠሩ፣ ጉትያዋን ገልጣችሁ ዐይኗን እዩ፣ የእግሯን ቅርፊት ዳስሱ። የማሬክስ (ዶሮን ሽባ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ ነው) ክትባት በተፈለፈለች ቀን መውሰዷንም ጠይቁ፤ ይሄ ዝርያ ለዚያ በሽታ ተጋላጭ ነው፣ ክትባቱም ከረፈደ ብዙ አይጠቅምም።